የምድር ቤቱ ውሃ

የታማሚው እናት ለሐኪሟ ያስረዱት እንዲህ ነው። ልጃቸው አንድ የድሮ ጓደኛው ቤት ተጋብዞ ሄደ፤ እዚያ ያደረ ይሁን የተበላሸ የማይታወቅ ሥጋ አበሉት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውነቱ ተልፈሰፈሰ፣ ትኩሳት ያዘው፣ ያስመልሰው ጀመር፣ ይኸው አሁን ደግሞ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆነ። ሲናገሩ እጃቸው ሳይቀር ይናገር ነበር፤ ጓደኛየውን ለመራገም ትንሽ ነው የቀራቸው። በምራታቸው ሆድ ውስጥ የተቀመጠው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ግብዣው ላይ እሷም ነበረች፤ ከባሏ ጋር ከአንድ ሳህን ነው የበሉት፤ እሷን ራስ ምታት እንኳ አልነካትም። ባሏን የጣለው ከግብዣው ቀደም ባለው ሳምንት፣ ዝናቡ ሲጥል ሰንብቶ በዳቦ ቤታቸው ምድር ቤት የተኛው ውሃ ነው። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ በባዶ እግሩ ገብቶ፣ ያን ጥቁር ውሃ በባልዲ ሲያወጣ ዋለ፤ ከውሃው ጋርም ያበጡ የሞቱ አይጦች አብረው ይወጡ ነበር። ሁለቱ ታሪኮች ከታማሚው አልጋ ግራና ቀኝ ቆመው ነበር፤ አንዱ አፍ ነበረው፣ ሌላው አልነበረውም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እንቅልፍ ያልጠገበ ዓይን አላት፣ ግን ስትሰማ አታቋርጥም። የታማሚውን ሆድ ከቀኝ ጎኑ ተጫነችው፤ የዓይኑን ቆብ ገልብጣ አየች፤ ቢጫው ውስጥ ደም የመሰለ ቅላት ነበር። ወደ እግሩ ወርዳ ባቱን ጨበጥ ስታደርገው ሰውየው እንደ ሕፃን ጮኸ። ያን ጊዜ ቀና አለች።

"ሥራው ምንድን ነው?"

"የራሳችን ዳቦ ቤት አለን" አሉ አማቷ። "አባቱ ያቆመው ቤት ነው። ንጹሕ ቤት ነው።"

"የተኛ ውሃ ወይም ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ነበር? አይጥስ አለ? ቤታችሁ ወይም ሥራ ቦታችሁ?"

"አይጥ?" ቃሉን ከዳቦ መሀል እንደወጣ ፀጉር ከአፋቸው መዝዘው የጣሉት ይመስላል። "ኧረ ምን በወጣን! ዳቦ ቤት ነው እኮ የምልሽ ልጄ።"

ሐኪሟ ወደ ምራትየዋ ዞረች። "አንቺስ እህቴ?"

አማቷ አላዩዋትም። የልጃቸውን ብርድ ልብስ ጠርዝ ነበር የሚያስተካክሉት፤ የተስተካከለውን ደግመው ያስተካክላሉ። አለማየታቸው ከማየት ይብስ ነበር። "የለም" ስትል የገዛ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። ሐኪሟም እንግዲያው ጉበቱ ሳይሆን አይቀርም፣ የደም ምርመራው ከሰዓት በኋላ ይደርሳል፣ እስከዚያ ግሉኮሱ ይቀጥል ብላ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች።

ምራትየዋን ቤተሰቡም ሰፈሩም "ሙሽራ" ነው የሚላት። ልጇ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ እንኳ ስሙ አልወረደላትም፤ እዚያ ቤት ከሷ በኋላ የገባ ሰው ስለሌለ አዲሷ ሰው እንደሆነች ቀርታለች። አዲስ ሰው ደግሞ የቤቱን ሥርዓት ይማራል እንጂ አያወጣም። የዚያ ቤት የመጀመሪያው ሥርዓት አንድን ቃል አለመጥራት ነበር። ሟቹ የባሏ አባት ዳቦ በሚሸጥበት ቤት አይጥ የሚል ቃል ከወጣ ደንበኛ ጆሮ ይገባል ብለው ከጥንት ከልክለዋል፤ ስለዚህ አይጦቹ "ተከራዮቹ" ይባላሉ። "ተከራዮቹ ዛሬ ከፈሉ?" ማለት ወጥመዱ ያዘ ወይ ማለት ነው። ቀድሞ ተከራዮቹ ጥቂት ነበሩ። ካቻምና መንገድ ለማውጣት ወንዙ ዳር ያለውን ቁጥቋጦ ማሽን ገብቶ ሲመነጥረው ግን ቤት አይተው የማያውቁ የሜዳ አይጦች መንደር ለመንደር ተበተኑ፤ ዱቄት ወዳለበት የመጡት በዙ። መርዝ እንዳይደረግ፣ የሞተው ከምድጃው ጀርባ ገብቶ ይሸታል። ድመት እንዳይመጣ፣ ፀጉሩ ሊጥ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ምድር ቤቱ ውስጥ ግማሹ ውሃ የሆነ በርሜል አለ፤ አፉ ላይ ዘይት የተቀባ ጣሳ በሽቦ ተሰክቶ ይሽከረከራል፤ የረገጠው ሁሉ ውሃ ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት፣ የመጀመሪያው ዳቦ ምድጃ ሳይገባ፣ አንድ ሰው ወርዶ በርሜሉን ይገለብጠዋል። የሚወርደውም በባዶ እግሩ ነው። ይህም የሟቹ ሥርዓት ነው፤ የምድር ቤት ጭቃ በጫማ ተይዞ ዳቦ ወዳለበት ወለል እንዳይወጣ፣ ወራጁ ጫማውን ከላይ ያወልቃል፤ ሲመለስ እግሩን በሙቅ ውሃ ታጥቦ ይጫማል። ሙሽራ አዲስ ገብታ ይህን ስታይ እንዴት ያሉ ንጹሕ ሰዎች ናቸው ብላ ለእናቷ ተናግራ ነበር።

ክፍሉ አልጋ ለአልጋ የተጠጋጋበት ነው። አጠገባቸው የተኛውን ሽማግሌ የምታስታምመው ሴት ፌስታሏን ከፍታ እየዘጋች፣ ስለ ዘይት ዋጋ ለማንም ሳይሆን ለክፍሉ ትናገራለች፤ ዘይቱ ወጣ፣ ዱቄቱም ወጣ፣ ሰዎች ብቻ ነን የረከስን ትላለች። አማቷ ዱቄት የሚለውን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ ታማሚው ዓይኑን ገለጠ። ሚስቱን ፈልጎ አገኛትና ከደረቀ ከንፈሩ መሀል፣ "ዛሬ ማን ወረደ?" አላት።

"ዝም ብለህ ተኛ" አሉ እናቱ። "ሥራው እንደሆነ ያለ አንተም ይሠራል።"

"ማን ወረደ?" አለ እንደገና። ሙሽራ መልሱን ታውቅ ነበር፤ ግን እጁን ከመያዝ ሌላ ምንም አላደረገችም። እጁ ይፋጃል። አማቷ ንጹሕ ልብስና ሾርባ እንድታመጣ፣ በዚያው በዳቦ ቤቱ አልፋ የጠዋቱ ዳቦ እንዴት እንደወጣ እንድትጠይቅ ላኳት። በር ላይ ስትደርስ ጠሯት። "ሙሽራ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ "ደግ አደረግሽ።" ከተዳረች ጀምሮ ይህን ቃል ከአማቷ አፍ የሰማችበት ጊዜ ጥቂት ነው። ዛሬ ግን አንጀቷን ቆረጠው።

ከአውቶቡሱ ወርዳ ሰፈሯ እስክትገባ ድረስ ያገኛት ሁሉ ጠየቃት። ጫማ ጠጋኙ ከተቀመጠበት ብድግ ሊል ሲል፣ "ኧረ በሞቴ" ብላ አስቀመጠችው፤ እንዴት ነው አላት፤ ደህና ነው አለችው። የልብስ ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች ወጥታ ምን ሆነ አሉት አለቻት፤ የበላው ነገር ነው አለቻት። መልሱ በየደጁ ሲደጋገም እንደ እውነት እየቀለለ መጣ። ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርስ ሰልፉ እስከ መብራት ምሰሶው ነበር። በመስኮቱ ውስጥ የባሏ ታናሽ ወንድም ይሸጣል። "ጠበቃ" ያሉት ሕግ ተምሮ አይደለም፤ ዳቦው ቢያር ለዳቦው ተከራክሮ ስለሚሸጠው ነው።

አንዲት ባልቴት ዳቦውን በእጃቸው እያገላበጡ፣ "ይህ ነገር ዛሬስ አነሰሳ!" አሉት።

"እማማ፣ ዳቦው እንደ ድሮው ነው፤ እጅዎ ነው ያደገው።"

ሰልፉ ሳቀ፤ ባልቴቷም ሳቁ፤ ከፈሉና ሄዱ። ሙሽራ በጓሮ በር ገባች። ውስጡ ሙቀቱ ፊት ይገርፋል፤ የሊጡ ገንዳ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ወለሉ ምላስ የላሰው ይመስላል። ከምድር ቤቱ ደረጃ አፍ ላይ አንድ ጥንድ ትልቅ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል። የጋጋሪው የቀጭኔ ነው። ቀጭኔ የሚሉት በቁመቱ ነው፤ ምድር ቤቱን የሚጠላውም በቁመቱ ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ስለሚል እዚያ ሲገባ አጎንብሶ ነው የሚውለው። ባሏ ከወደቀ ጀምሮ የሚወርደው እሱ ነው። ሙሽራ ከደረጃው ራስ ቆማ ስትጠራው ባልዲውን ይዞ ቀስ እያለ ወጣ፤ በየደረጃው ግድግዳውን ይደገፋል።

"እትዬ ሙሽራ! አለቃ እንዴት ሆነ?"

"አንተስ ምን ሆነህ ነው የምታነክሰው?"

"ባቴን ነው። ውሻ የዘነጠለኝ ነው የሚመስለኝ።" ሳቅ አለ። "ይህ ቁመት መች ለባልዲ ተፈጠረ። ትናንትና ደግሞ ተረከዜን ሚስማር ነክቶኛል፤ ምንም አይደለም።"

በመስኮቱ ብርሃን ስታየው ዓይኑ ቀልቷል። ዓይናር የለው፣ እንባ የለው፤ ዝም ብሎ ቀልቷል። "ራስህንስ?" አለችው።

"ራሴማ ከምድጃ ፊት ቆሞ የሚውል ሰው ራስ ምን ይሆናል?"

ባሏ በመጀመሪያው ቀን ያላት ይህንኑ ነው፤ ባቴን አለ፣ ራሴን አለ፣ ከምድጃው ነው አለ። እሷም ከምድጃው ነው ብላ ፎጣ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ ግንባሩ ላይ አደረገችለት። ቀጭኔ እግሩን ለመታጠብ ተቀመጠ፤ ከተረከዙ የሚወርደው ውሃ ትንሽ ቀላ ያለ ነበር። ሰውየው ቤት ውስጥ ስንት አፍ እንደሚጠብቀው ታውቃለች፤ ሚስቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር እየመጣች የተሰበረውን ዳቦ በከረጢት ይዛ ትሄዳለች።

ጠበቃ መስኮቱን ለአፍታ ዘግቶ መጣ። ዱቄቱ አመሻሽ ላይ ይመጣል አለ፤ መኪናው ሌላ ቀን የለውም፤ የሚራገፈው ምድር ቤት ነውና ከረጢቶቹ እንዳይርሱ የቀረው ውሃ ከዚያ በፊት መውጣት አለበት። ሙሽራ ወደ ሊጡ ገንዳ ጠጋ አድርጋው ሐኪሟ የጠየቀችውን ነገረችው። እሷም አማቷም ምን እንዳሉ ነገረችው። ፊቱ ላይ የነበረው የመስኮት ሳቅ ጠፋ።

"ደግ ብላችኋል" አለ።

"ወንድምህ እየሞተ ነው።"

"አትበይ እንዲህ! ጋሼን እኔ የምጠላው መሰለሽ?" ድምፁን መልሶ አፈነ፤ ከመስኮቱ ማዶ ሰው ቆሟል። "ላይኛው ሰፈር የነበረውን ዳቦ ቤት ረሳሽው? በአንድ በረሮ እኮ ነው! አንዱ በስልኩ ቀረጸ፣ ሀገር ሁሉ አየው፣ ዛሬ ጋራዥ ሆኗል። ደግሞ ዳቦው እሳት ያየ ነው። ከኛ ዳቦ በልቶ የታመመ አንድ ሰው ጥሪልኝ እስኪ።"

ልትጠራ አልቻለችም፤ አልነበረምና። ጠበቃ የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ የከበዳትም እሱ ነው። "ቀጭኔስ?" አለች በመጨረሻ። ጠበቃ ጋጋሪውን አየው፤ ጋጋሪው እግሩን በጆንያ ቁራጭ እያደረቀ ነው። "ቀጭኔ ምን ሆነ? ደክሞት ነው። ማን ያልደከመው አለ? ጋሼ ሲነሳ የሚገባበት ቤት ይቆየው ነው የምለው፣ ሌላ ምን አልኩ?" አለና መስኮቱን ሊከፍት ሄደ። ሙሽራ ሾርባውን በፔርሙስ፣ ልብሱን በፌስታል ይዛ ወጣች። መንገድ ላይ ማን ሰላም እንዳላት አታስታውስም።

ሆስፒታል ስትመለስ አልጋው ዙሪያ መጋረጃ ተስቦ ነበር። ገልጣ ስትገባ ባሏ በሕይወት አለ፤ ግን ቢጫው ከዓይኑ አልፎ ወደ አንገቱ ወርዷል፤ ያለማቋረጥ ስቅ ይለዋል። ከአልጋው ሥር በተንጠለጠለው ከረጢት ውስጥ ያለው ሽንት የከሰል እጣቢ ይመስላል፤ እሱም ከጠዋቱ አንዲት ጠብታ የጨመረ አይመስልም። አማቷ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸው ከትከሻቸው ተንሸራቷል፣ አላነሱትም። ሐኪሟ የምርመራ ወረቀት ይዛ ቆማለች። የተለመደው የጉበት በሽታ አይመስልም አለች፤ ኩላሊቱም እየደከመ ነው፤ ግሉኮስ እየሰጠን ብንጠብቅ የሚሻለው አልመሰለኝም። ይህን የተናገረችው ለማስፈራራት አልነበረም፤ ግራ የገባው ሰው የሚናገረውን ነበር የምትናገረው።

ሙሽራ ፔርሙሱን ኮመዲኖው ላይ ለማስቀመጥ ሞከረች፤ ቦታ አልነበረም፤ እንደያዘችው ቀረች። "ዶክተር" አለች፤ "አይጥ አለ። ምድር ቤታችን ሞልቷል። ዝናቡ ሲገባ እሱ በባዶ እግሩ ውሃ ውስጥ ገብቶ ውሏል። ጠዋት ዋሽቼሻለሁ።"

ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ነርሷን ጠራች። ያዘዘችው መርፌ ነው፤ ውጤት ሳይጠበቅ አሁኑኑ እንዲጀመር። ስሙ ረጅም የሆነ በሽታ ነገረቻቸው፤ ሙሽራ ስሙን መያዝ አልቻለችም፣ የቀረውን ግን አንድም አላመለጣትም። አይጧ ራሷ አትታመምም፤ ተሸክማው ትዞራለች፤ በሽንቷ ውሃ ውስጥ ትጥለዋለች፤ ሰው ጋ በተሰነጠቀ ቆዳ፣ በጭረት፣ በዓይን ይገባል። መድኃኒቱ እዚሁ አለ አለች፣ የከበደ ነገር አይደለም፤ የከበደው ያለፈብን ሰዓት ነው። ኩላሊቱ ዛሬና ነገ ካልተመለሰ ደም በማሽን ወደሚጣራበት ሆስፒታል ይላካል።

"ይድናል?" አለች ሙሽራ።

"ተስፋ አለው። ማለት የምችለው ይህን ነው። አሁን እዚያ ውሃ ውስጥ የሚገባው ማነው?"

"አንድ ጋጋሪ አለን። ዓይኑ ቀልቷል። ባቱንም ያመዋል።"

"ዛሬውኑ ይምጣ። እስከ ምሽት እዚሁ ነኝ፣ ራሴ አየዋለሁ። ይህ ሰውዬ እዚህ ከመድረሱ በፊት እንደነበረው ነው እሱ ያለው፤ አሁን ቢጀምር በኪኒን ሊመለስ ይችላል። ውሃው ውስጥ ደግሞ ከዚህ በኋላ ማንም እንዳይገባ።"

"ዳቦውስ?" አሉ አማቷ። ሐኪሟ ወንበሩ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ቀስ ብላ መለሰችላቸው፤ ዳቦ እሳት የገባ ነገር ስለሆነ በዚህ በሽታ በኩል አይፈራም፣ የሚፈራው ውሃው ነው፤ ቢሆንም ቤቱ ሊጸዳ ይገባዋል፣ እሷም ለጤና ቢሮ ማሳወቅ ግዴታዋ ነው። አማቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐኪሟ ስትሄድ አማትና ምራት ብቻቸውን ቀሩ። ከመጋረጃው ማዶ የሽማግሌው አስታማሚ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የነበረችበትን ወሬ ቀጠለች፤ የሰማች እንዳይመስልባት።

"ማንን ብዬ የዋሸሁ መሰለሽ?" አሉ አማቷ።

"አውቃለሁ እማዬ።"

"አታውቂም።"

ነርሷ መጥታ መርፌውን ሰጠች፣ የግሉኮሱን ጠብታ አስተካከለች፣ ወጣች። አማቷ ተነሡና ብርድ ልብሱን ከልጃቸው እግር ገለጥ አደረጉ። ተረከዙ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል፤ በየስንጥቁ ውስጥ ታጥቦ ያለቀ ነጭ ሥጋ ይታያል። ትክ ብለው አዩት። ከዚያ መልሰው ሸፈኑትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሙሽራ ለጠበቃ ደወለች፤ ጮኸ፣ አላነሳም። እንደገና ደወለች፤ ዘጋባት። ልብሷን አስተካክላ ስትወጣ አማቷ ሂጂም አላሏት፣ ቅሪም አላሏት።

አውቶቡሱ እንደ ቀንድ አውጣ ነበር የሚሄደው። ሰፈር ስትደርስ የሥራ መውጫ ሰዓት ሆኖ ሰልፉ ከጠዋቱ ረዝሟል፤ የዱቄቱ መኪና ከዳቦ ቤቱ ጎን ቆሟል፤ ወዛደሮቹ ከረጢቶቹ ላይ ተቀምጠው ቅድሚያ ውሃው ይውጣ ተብለው ይጠብቃሉ። በጓሮ ገባች። ቀጭኔ ከደረጃው ራስ ተቀምጦ ሱሪውን እየጠቀለለ ነው፤ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ በዚያ ምድጃ አጠገብ ብርድ ብርድ ይለዋል።

"እንዳትወርድ" አለችው። "አለቃህን የጣለው ይሄው ውሃ ነው። ሐኪሟ ታይሃለች፣ ና አሁን እንሂድ።"

ቀጭኔ መጀመሪያ ወደ ጠበቃ ነው ያየው። ጠበቃ ከመስኮቱ ሳይነሳ በጀርባው ተናገረ። "ነገርሻት አይደል? ነገርሻት። እሺ፤ ነገ ይመጡብናል። ቢያንስ ደረቅ ቤት ያግኙ። ቀጭኔ፣ ዛሬን ብቻ፣ ነገ ጠዋት ራሴ እወስድሃለሁ።"

"ያመዋል!"

"ትንሽ ናት የቀረችው እትዬ" አለ ቀጭኔ። ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። "ዱቄቱን ላስገባና እመጣለሁ። ቤቱ ከተዘጋ እኔ የት እገባለሁ?"

ባልዲውን ያዘችበት። በኃይል አልነጠቃትም፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ በትሕትና አላቀቃቸውና፣ "እንጀራዬ ነው" አላት። በዚህ ግድግዳ ውስጥ ቃል አቅም የለውም፤ ውጭ የሚሰማው የለም፣ እዚህ የሚሰማው ሁሉ የቤቱ ሰው ነው። የቀጭኔ እግር የመጀመሪያውን ደረጃ ሲረግጥ ሰማች፤ ግድግዳውን ሲደገፍም ሰማች። ዞራ በጓሮ በር ወጣች፣ በመኪናው አጠገብ አለፈች፣ ከሰልፉ ፊት ከመስኮቱ ሥር መጥታ ቆመች። ጠበቃ ዳቦ በእጁ እንደያዘ ደነገጠ። በቀስታ ራሱን ነቀነቀ፤ እባክሽ ማለቱ ነው። በዓይኑ ውስጥ ወንድሙን የመሰለ ነገር አየች።

ሰልፉ ውስጥ የጠዋቷ ባልቴት አሉ። "ውይ ሙሽራዬ! ባልሽ እንዴት ዋለ? የበላው ነገር ነው አሉ፣ አይደል?"

"አይደለም እማማ።" ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ መጨረሻ ላይ የቆሙት እንኳ አንገታቸውን አስግገው አዩዋት። "ስሙኝ። እስከ ዛሬ የበላችሁት ዳቦ እሳት የገባ ነው፤ በሱ አትፍሩ፣ ሐኪሟ ራሷ ነግራኛለች። ምድር ቤታችን ግን አይጥ የሸናበት ውሃ ተኝቶበታል። ባሌን የጣለው እሱ ነው፤ ደብቀንም ሌላ ሰው እየሰደድንበት ነው።"

አንድ ሰው የያዘውን ዳቦ አየው፤ ሌላው ስልኩን አወጣ። ወዛደሮቹ ከከረጢቶቹ ላይ ተነሡ። ከውስጥ ባልዲ ከደረጃ ጋር ሲጋጭ ተሰማ፤ ከዚያ ቆመ። ሙሽራ በመስኮቱ ውስጥ፣ ከጠበቃ ትከሻ በላይ፣ ወደ ጨለማው ደረጃ እያየች ተናገረች።

"እስኪጸዳ ድረስ ይህ ቤት ከአሁን ጀምሮ ዝግ ነው፤ የዘጋሁትም እኔ ነኝ። ቀጭኔ፣ ውጣ፤ አብረን እንሄዳለን።"